ስማቸው ተጽፎ የማይጠሩት

ትናንት እሑድ ከምሳ በኋላ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ዲክቴሽን ሳርም፣ እንቅልፍ ጠረጴዛው ላይ ጣለኝና ዓለም ተገልብጣ አየሁ። እናቴ «የቀን ሕልም ፍቺ የለውም» ትል ነበር። ስለዚህ የምነግራችሁ እንድትፈቱልኝ አይደለም፤ እንዳይጠፋብኝ ነው።

ሕልም ከባዶ አይነሣምና፣ አስቀድሜ ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

ዐርብ ዕለት ሐያት የምትባል ተማሪዬ እጇን አወጣች። የማስተምረው እንግሊዝኛ ነው። ቢላዋን፣ ጥርጣሬን፣ ሌሊትን በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ጽፌ ነበር። ሁሉም ውስጣቸው የሚጻፍ ግን የማይነበብ ፊደል አለባቸው።

«ቲቸር» አለች፤ «የማይነበብ ከሆነ ለምን ይጻፋል?»

ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ። «ዝም ብለሽ ሸምድጂው» አልኳት። እኔም በልጅነቴ ስጠይቅ የተመለሰልኝ ይኸው ነበር። ሐያት ተቀመጠች። የሚጠይቅ ልጅ ሲቀመጥ እንዴት እንደሚቀመጥ አስተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ነገር የእድራችን ነው። ትናንት ጠዋት ጠቅላላ ስብሰባ ነበር፤ አልሄድኩም። የአባላት መዝገብ ይታደሳል ተብሏል። ያረፉት ስማቸው ይሰረዝና በምትካቸው ሚስት ወይም ልጅ ይጻፋል። ባለቤቴ አራጋው ካረፈ ዐሥራ አራት ወሩ ነው። እድራችን በየወሩ ተሰብስቦ ስም ይጠራል። «አራጋው ይማም!» ሲባል ከኋላ ወንበር «አቤት» የምለው እኔ ነኝ። ደንቡ ሚስት ባሏን መወከል ትችላለች ስለሚል ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። እኔም ብዬ አላውቅም።

አራጋው በቁሙም ድምፁ ጥቂት ነበር። የመንደሩ የለቅሶ ድንኳን ሲተከል ቀድሞ ደርሶ ካስማ የሚመታው እሱ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ ወንበር ሲይዝ ግን ማን እንደተከለው የሚጠይቅ የለም። መዶሻው እስካሁን ከበሩ ኋላ ቆሟል።

ሕልሙ ይኸው።

የደሴ ፒያሳ ነበር። ሰው ሁሉ ቆሟል፣ መንገዱ ግን ይሄዳል። ዳገቱ እኛን ተሸክሞ እያለከለከ ይወጣል። አንድ ባጃጅ ሦስት ሰዎች ላይ ተሳፍሮ «ወራጅ አለ!» ይላል። የትራፊክ ፖሊሱ እያንዳንዱን ሹፌር እያስቆመ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሹፌሮቹም «ለዛሬ ይለፍህ፣ ሁለተኛ እንዳይለምድህ» ይሉታል። የቶሳ ተራራ ከከተማው በታች ወርዶ ነበር። ሴቶች ጉሙን በጆንያ ጠቅጥቀው በጀርባቸው ወደ ላይ ይመልሱታል።

ቤቴ ስደርስ በሬ ላይ ሰልፍ አለ። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው። ጸሐፊዎች፣ መዝገብ ቤት ያሉት፣ ማኅተም የሚይዙት፣ ሁሉም ፋይላቸውን አቅፈው ፀሐይ ላይ ቆመዋል።

«ወይዘሮ ትርንጎ» አለኝ የመጀመሪያው፣ ከረባቱን እያስተካከለ። «እባክዎ፣ ከተመላለስኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። አንድ መታወቂያ ልስጥዎት ይፍቀዱልኝ።»

«ፎቶኮፒ ይዘሃል?»

«የምን?»

«የራስህ ነዋ።»

ደነገጠ። ሮጦ ሄደና ፈዘዝ ያለ፣ ጠርዙ የተቆረጠ ሌላ ራሱን በእጁ እየጎተተ መጣ። ሁለቱም አላባቸው።

«ነገ ና» አልኩት። «ባለጉዳይ ስብሰባ ላይ ናት።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፌ ላይ ጣፈጠኝ። ለሁለተኛውም ለሦስተኛውም ደገምኩት። ለአራተኛው «ከመጣህበት አጽፈህ ና» ልለው ስል፣ ከሰልፉ ወጣ ብሎ የቆመ ቀጭን ሽማግሌ አየሁ። እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ካፖርት ለብሷል፤ ዱላ ይዟል።

«እርስዎ አይሰለፉም?» አልኩት።

«እኔ ጥበቃ ነኝ፣ ልጄ። ኬ እባላለሁ። ፊደል ነኝ፤ የፈረንጆቹ ቢላዋ በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ችሎት ትፈለጊያለሽ፤ ጥራት ተብዬ ነው የመጣሁት።»

አብረን ሄድን። ማለቴ፣ ቆምንና መንገዱ ይዞን ሄደ።

«ብዙ ዘመን ቆሙ?»

«ቁጥሩን ትቼዋለሁ። ድሮ እኔም ድምፅ ነበረኝ። ቢላዋ ሲሉ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነበርኩ። ኋላ ሰዎቹ ምላሳቸው ሰነፈና እየዘለሉኝ ይገቡ ጀመር። ቂም የለኝም። ግን በር ላይ የቆመ ሰው እያዩ፣ አንድ ቀን እንኳ እንደምን አደሩ አይባልም?»

«እንደምን አደሩ» አልኩት።

መንገዱ ቆመ። ሽማግሌው የካፖርቱን ቁልፎች ከታች እስከ ላይ አንድ በአንድ ቆለፈ። «እግዜር ይመስገን» አለ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተናገረም። ዱላውን ግን እንደ ጎረምሳ እያሽከረከረ ነበር።

ትምህርት ቤት ገባን። ጓደኞቼ አስተማሪዎች አርፍዳችኋል ተብለው ሜዳው ላይ ተንበርክከዋል። ርእሰ መምህሩ ጥግ ይዞ «ሁለተኛ አልረብሽም» የሚል መቶ ጊዜ ይጽፋል፤ አርባ ሦስተኛው ላይ ደርሷል። ደወሉ ሲደወል ጭው ያለ ጸጥታ ሆነ። መደወሉን ሲተው ግን ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ተነሣ፤ ሁላችንም እስኪደወል ድረስ ጆሯችንን ይዘን ቆየን።

ከሜዳው መሀል ትልቅ ድንኳን ተተክሏል፤ ችሎቱ እሱ ነው። ካስማ የለውም። ገመዶቹን በእጃቸው ወጥረው የያዙት ፊደሎች ናቸው፤ ተጽፈው የማይነበቡት ሁሉ። ኬ ዱላውን አስቀመጠና አንድ ገመድ ያዘ። ከአጠገቡ ሆዱ የተገፋ ቢ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ፒ፣ ደብሊው፣ ሌሎችም፤ ከሁሉ ወዲያ ደግሞ አንድ ገመድ ለሁለት የያዙ ሽማግሌና አሮጊት፣ ጂና ኤች። ድምፅ ያላቸው ፊደሎች ጥላው ውስጥ ወንበር ይዘው ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራል። ኤስ ያፏጫል፤ ኤም ያጉረመርማል። ከአንዳቸውም አንዲት ድምፅ አይሰማም።

ከኋላ ወንበር ነጠላ የተከናነቡ ሦስት ሰዎች አየሁና አወቅኳቸው። የእኛው ናቸው፤ ሐመሩ ሐ፣ ንጉሡ ሠ፣ ዐይኑ ዐ።

«በፈረንጅ ጉዳይ እናንተ ምን አገባችሁ?» ብዬ በዐይኔ ጠየቅኋቸው።

«ዛሬ እነሱ፣ ነገ እኛ» አለች ዐይኑ ዐ። «ጧት ማታ ‹ከእህትሽ በምን ትለያለሽ› እየተባልኩ ነው የምኖረው።»

ንጉሡ ሠ ዘውዱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነጠላውን ደረበበት። «ቀስ በሉ፣ እንዳያዩን» አለ።

ዳኛዋ ሐያት ነበረች፤ የዘጠነኛ ክፍሏ። የትምህርት ቤት ሹራቧን እንደለበሰች ጠረጴዛ ላይ የተሰቀለ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። መነጽሬ ዐይኗ ላይ ነው።

«ምስክር ትርንጎ በላይነህ!»

«አቤት፣ ቲቸር» አልኩ።

«አልተሰማሽም፣ ልጄ። በዚህ ችሎት የሚሰማው ዝም ያለ ብቻ ነው።» ያን ጊዜ ነው ከንፈሯ እንዳልተንቀሳቀሰ ያስተዋልኩት። ሽማግሌው ኬም መንገዱን ሁሉ ሲያወጋኝ አፉን አልከፈተም ነበር። «እነዚህ ገመድ የያዙት ክሳቸው አንድ ነው። ድምፅ ሳያወጡ ቦታ ይዘዋል። ይህን ዳስተር ያዢ። ደወል እስኪደወል በቂ ምክንያት ካላቀረብሽላቸው፣ በገዛ እጅሽ ትደመስሻቸዋለሽ። እዚህ የተደመሰሰ ዳግመኛ አይጻፍም። ማን እንደነበረም የሚያስታውስ አይኖርም።»

ዳስተሩ የክፍሌ ዳስተር ነበር፤ ጠርዙ የተበላው። እጄ ላይ ከበደኝ።

መጀመሪያ ቢ ተጠየቀ።

«አንተ ጥርጣሬ በሚለው ቃል ውስጥ ምን ትሠራለህ?»

ቢ ገመዱን ሳይለቅ አንገቱን ደፋ። «እውነቱን ልናገር? የገባሁት በዘመድ ነው።»

ባለድምፆቹ ያለ ድምፅ ተንጫጩ።

«አያቴ ላቲን ነበር» አለ ቢ። «ቃሉ ያለ እኔ በሰላም ይኖር ነበር። የተማሩ ሰዎች መጡና ‹የትልቅ ሰው ዘር ነው፣ መሀል ይቀመጥ› ብለው አስገቡኝ። ከገባሁ ጀምሮ አንድም ቀን ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ውጣ ያለኝም የለም።»

በድንኳኑ በር አንገታቸውን ያስገቡት የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

«አሁንስ?»

«አሁንማ ገመድ ይዣለሁ» አለ ቢ፣ ቀና ብሎ። «ይህ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ተመስገን፣ ችያለሁ።»

ቀጥሎ ሁለቱ አዛውንት ተጠየቁ። ጂ ገመዱን ብቻ ያያል። የተናገረችው ኤች ናት።

«እኔና እሱ ድሮ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ነበረን፤ ሰው የጎረሰው አልወርድ ሲለው የሚያሰማውን የመሰለ። ሌሊት የሚለው ቃላቸው ውስጥ ነበርን፤ የወለዷትን ሴት ልጅ የሚጠሩበትም ውስጥ ነበርን። ኋላ ተውን።»

«ታዲያ እስከ መቼ ነው ዝም?» አለች ሐያት።

«ኧረ ሁልጊዜ ዝም አይደለንም፣ ልጄ! ሳቅ የሚለውን ቃል ጽፈሽ እዪው። እዚያ ውስጥ እኮ እንሰማለን። የድሮው ድምፃችን አይደለም፣ ሌላ ነው፤ ግን እኛው ነን። በሌሊት ዝም እንላለን፣ በሳቅ እንሰማለን።» ወደ ባሏ ዞር አለች። «አይደለም እንዴ?»

ጂ ራሱን ነቀነቀ። ከገመዱ ላይ አንድ ጣቱን አንሥቶ የእሷን ጣት ነካ አደረገና መለሰው።

ያቺን ጣት ማየት አልፈለግሁም። ወደ ዳስተሩ አየሁ።

«ምስክር፣ ተራሽ ነው» አለች ሐያት። «የማይነበብ ከሆነ ለምን ይጻፋል?»

አፌን ከፈትኩ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። ድምፅ ይለወጣል፣ ጽሕፈት ግን ይዘገያል አልኩ። ማተሚያ ቤቶቹን፣ ላቲኑን፣ ፈረንሳይኛውን፣ ያነበብኩትን ደብተር ሙሉ ነገር እጄን እያወናጨፍኩ ተናገርኩ። አንዲት ቃል አልወጣችም። ኤስ ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ፤ ሳቁም አልተሰማም። ተናገርኩ፣ ተናገርኩ፣ በመጨረሻ ደከመኝና አፌን ዘጋሁ።

ያን ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ድምፅ ተሰማ።

«አራጋው ይማም!»

«አቤት!»

ሁለተኛው ድምፅ የኔ ነበር።

«አራጋው ይማም!» «አቤት!» «አራጋው ይማም!» «አቤት!»

ዐሥራ አራት ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ በጣቱ ይቆጥር ነበር። አፌን ልከፍተውና ልሸፍነው ብዬ ሞከርኩ፤ መንጋጋዬ እምቢ አለ። ከዚያ ሌላም ነገር ተሰማ፤ በእነዚህ ወራት ለማንም ያላልኩት ሁሉ ተራ በተራ እየወጣ በድንኳኑ ውስጥ ተናገረ። እሱን ለእናንተም አልነግራችሁም።

ሲያበቃ ቆሎ የሚቆረጥም አልነበረም። ሽማግሌው ኬ ኮፍያውን አውልቋል። ሐያት መነጽሬን አወለቀች፤ ያለ መነጽር የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆነች።

«ቲቸር» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። «አቤት የሚለው ማን ነው?»

እኔ ነኝ፣ አልኩ በዝምታዬ።

«ስሙ የሚጠራውስ?»

ለዚህ ዝምታዬ እንኳ ድምፅ አልነበረውም።

ድንገት ሁሉ ነገር ጭው አለ። ደወሉ ነው።

«ጊዜው አልቋል» አለች ሐያት፤ መነጽሩን መልሳ አደረገች። «ደምስሺ።»

ፊደሎቹን አየኋቸው። የለመነኝ የለም፤ ገመዳቸውን ይዘው ቆመዋል። ቢ ዐይኑን ጨፍኗል። ዳስተሩን አገላብጬ አየሁት፤ የእጅ ቦርሳዬን ከፈትኩ፤ ከመሀረቤና ከጠመኔዬ ጎን ከተትኩት፤ ዚፑን ዘጋሁ። ቦርሳውንም ብብቴ ስር አደረግሁት።

ድምፅ ያላቸው ፊደሎች ብድግ አሉ። ወንበር ተገለበጠ፤ ጡጫ ተነሣ፤ ኤም በርጩማውን መታ። አንዳች አይሰማም። ሐያት ከእኔ ወደ ገመዶቹ ዞረች።

«እንግዲያውስ ራሳችሁ ልቀቁና ውጡ።»

ዝም ያለ ሰው ታዛዥ ነው። ደብሊው ለቀቀ፤ ፒ ለቀቀ፤ ቢ እንባውን በክርኑ እየጠረገ ለቀቀ። አዛውንቶቹ ተያይተው እኩል ለቀቁ። የመጨረሻው ኬ ነበር። «እንደምን አደሩ ስላልሽኝ ውለታሽ አለብኝ» አለና እሱም ለቀቀ።

ሸራው እንደ ተመታ በሬ ተንገዳገደ። ያን ጊዜ ነው ባለድምፆቹ ጥላቸውን ማን ይዞላቸው እንደነበር የገባቸው፤ ወደ ገመዱ ሊሮጡ ሲሉ እርስ በርስ ተጠላለፉ። ንጉሡ ሠ «ዘውዴን!» አለ። ድንኳኑ ከነምሰሶው በሁላችን ላይ ወረደ።

ጨለመ። እርጥብ ሸራ ሸተተኝ። ከላዬ ክብደት አለ፤ ከሥሬ የማን እንደሆነ የማላውቀው እግር አለ። ታፍኜ ሳለሁ ከውጭ ካስማ የሚመታ መዶሻ ሰማሁ። አንድ ካስማ ያገባና ወደ ሌላው ያልፋል። ሁለት ጠንካራ፣ አንድ ለስለስ ያለ። ሁለት ጠንካራ፣ አንድ ለስለስ ያለ። ሸራው ከራሴ ላይ ትንሽ ትንሽ እየተነሣ ብርሃን ገባ። እንዲህ የሚመታ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ጫፉን ገልጬ ላየው እጄን ስዘረጋ፣

በር ይንኳኳ ነበር።

ጉንጬ የሐያት ዲክቴሽን ላይ ተጣብቋል። ግቢው በበልግ በረዶ ነጭ ሆኗል፤ ለካ ተኝቼ ሳለሁም ጥሎ ነበር። ፀጉሬን አስተካክዬ ወጣሁ።

በሩ ላይ የቆሙት የእድራችን ጸሐፊ አቶ ይመር ናቸው። ወደ ሰፈራችን ከመጡ ሦስት ወራቸው ነው። ከጡረታ በፊትም መዝገብ ቤት ይሠሩ ስለነበር መዝገብና ማኅተም ባዩ ቁጥር ደስ ይላቸዋል። ጃንጥላ ይዘዋል፤ የእድሩን መዝገብ በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ስር አድርገዋል፤ በእጃቸው ፖስታና ከእንጨት ጋር በሲባጎ የታሰረ ትልቅ ቁልፍ አለ። ፊታቸው ያበራል።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ትርንጎ! አቶ አራጋው አሉ?»

የበሩን እንጨት ያዝኩ።

«ምነው፣ በደኅና?»

«በደኅና ነው እንጂ! ለእሳቸው ብቻ እጅ በእጅ የምሰጠው ነው። እንግዲህ ከእርስዎ አይደበቅም፤ ሹመት ነው! ጠዋት የድንኳን ኃላፊ ሆነው ተመረጡ። በሙሉ ድምፅ!»

«ማን ጠቆማቸው?»

«እኔ ነኛ!» አሉ፣ ደረታቸውን ነካ አድርገው። «መዝገቡን ሳገላብጥ አደርኩ። አንድ ቀን ያልቀሩ፣ አንድ ቅጣት የሌለባቸው፣ በስብሰባ ተነሥተው ነገር ያላንዛዙ ሰው አራጋው ይማም ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?»

«ሰው ምንም አላለም?»

«በረዶው ቆርቆሮውን ሲወቅጠው ማን ማንን ይሰማል? ሊቀ መንበሩም ጆሯቸው ከበድ ያለ ነው። እጅ ይውጣ ሲባል ወጣ፤ ሰዉ ጎርፍ ሳይዘጋው ቤቱ ሊገባ ቸኩሎ ነበር። እንዲያውም ወደፊት የተቀመጡ ሁለት ሴትዮዎች ‹አራጋው? ካስማ የሚመታው?› ብለው ከሁሉ ቀድመው አወጡ።» ወደ ቤቱ ቀና ብለው አዩ። «ተኝተው ይሆን? ልመለስ?»

ለዚህ ጥያቄ ዐሥራ አራት ወር መልሴ አንድ ነበር።

«የለም፣ አቶ ይመር» አልኩ። «አርፏል። አምና የካቲት ነው ያረፈው።»

አቶ ይመር ቁልፉን አዩ፤ ፖስታውን አዩ፤ እኔን አዩ። ጃንጥላው ከእጃቸው ወድቆ በረዶው ላይ ተንከባለለ።

«እግዚኦ» አሉ። «ሙት አስመረጥኩ?»

«አዎ።»

«በሙሉ ድምፅ?»

«እርስዎ ነዎት ያሉኝ።»

«በየወሩ የሴት ድምፅ ሲመልስ ሰማሁ እኮ! ባለቤታቸው ናቸው አሉኝ፤ እኔ ሰውዬው ሥራ በዝቶበት…» አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «መንደሩ ምን ይለኛል? ማኅተም ተመትቶበታል እኮ! ደንቡ ደግሞ የተመረጠ ሰው እምቢ ማለት አይችልም ይላል!»

«እሱ እምቢ አይልም» አልኩ። «በሕይወቱም እምቢ ብሎ አያውቅም።»

ይህን ስል ሳቄ መጣ። መጀመሪያ ከአፍንጫዬ ነበር፤ ልይዘው ሞክሬ አልሆነልኝም። የበሩን እንጨት ተደግፌ ሳቅሁ። ድምፁን ለረጅም ጊዜ ስላልሰማሁት ሌላ ሰው የሚስቅ መሰለኝ። አቶ ይመር መጀመሪያ ፈሩኝ፤ «ውሃ ላምጣልዎት?» አሉ፤ በኋላ እሳቸውም ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ይቅር ይበለኝ! ይቅር ይበለኝ!» እያሉ ሳቁ።

ሲበርድልን ዐይኔን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ።

«የድንኳኑን መጋዘን ቁልፍ ለኔ ይስጡኝ።»

«ለእርስዎ? የሴት ድንኳን ኃላፊ ኖሮን አያውቅም።»

«የሞተ ኃላፊስ ነበራችሁ?»

አሰቡበት። «እሱስ እውነት ነው» አሉና ቁልፉን እጄ ላይ አደረጉልኝ። ከጠበቅሁት ቀለል ይላል። «ድንኳኑ ለነገ ጠዋት ይፈለጋል። ደግሞ ለቅሶ እንዳይመስልዎት፣ ሰርግ ነው።»

ከዚያ እንደ መዝገብ ቤት ሰው ሆኑ። ፌስታሉን ፈትተው፣ አንድ እግራቸውን የበሩ ደፍ ላይ አድርገው መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፤ ከኪሳቸው እስክሪብቶና ትንሽ ማስመሪያ አወጡ። ማስመሪያውን በአራጋው ስም ላይ አጋደሙት።

«እንግዲህ እዚህ ላይ ልሰርዝና…»

«አይሰርዙት።»

ቀና አሉ።

«የኔን ከጎኑ ይጻፉ። የእሱ እንዳለ ይቀመጥ። ስም ሲጠሩ የኔን ብቻ ይጥሩ።»

አቶ ይመር መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። «የማይጠራ ከሆነ ለምን ይጻፋል?»

«ነገ ጠዋት ካስማውን ስመታ ቆመው ይዩ» አልኳቸው። «አመታቱን ያሳየኝ እሱ ነው። ያኔ ይገባዎታል።»

የገባቸው አልመሰለኝም። ግን የመዝገብ ቤት ሰው ናቸው፤ ባለጉዳይ ያለቻቸውን ጻፉ። ቀስ ብለው፣ ባማረ እጅ ጽሕፈት፣ ከስሙ ጎን ስሜን ጻፉ። ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አሉበት። ትክክል መሆኑን ሊያዩ መሰለኝ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እዚያው በሬ ላይ ቆመው እንደ ስብሰባው ቀን በጣታቸው መስመሩን ተከተሉ። ጣታቸው አራጋው ይማም የሚለው ላይ ደረሰች፤ ትንሽ ቆየች፤ ሳትናገር አለፈች።

«ትርንጎ በላይነህ!»

«አቤት» አልኩ።